አቶ ይድነቃቸው ተሰማ፤ ከውቤ ሰፈር ሜዳ እስከ አፍሪካ ሸንጎ

ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው በሉማሜና በዙሪያዋ ባለው ደጋ፣ እንደ ሌላው የጎጃም አገር ሁሉ፣ አዝመራው ተሰብስቦ የልደት በዓል ሲደርስ ወጣቱና ጎልማሳው ቆልማማ ዱላውን ይዞ ወደ ሜዳ ይወጣል፤ ገና ይጫወታል። የዚህ ጨዋታ ደንብ ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ነው። ሩሯ ሜዳ ላይ እስካለች ድረስ ጌታና ሎሌ፣ ሀብታምና ድኻ የሚባል ልዩነት የለም፤ ሎሌው ቢቀድም ጌታው አይቆጣም፤ ጌታው ቢሸነፍም ማዕረጉን አንሥቶ አይከራከርም። አባቶቻችን ይህን ደንብ በወረቀት አላሰፈሩትም፤ ነገር ግን ጠብቀውት ኖረዋል።

እኛ ተማሪዎች ስለ ስፖርት ስንነጋገር ብዙውን ጊዜ የምናነሣው ማን አገባ፣ ማን አሸነፈ የሚለውን ነው። ማን እንዲጫወት ተፈቀደለት፣ ማንስ ተከለከለ፣ ደንቡንስ የጻፈው ማን ነው ብለን የምንጠይቅበት ጊዜ ጥቂት ነው። ይህን ጥያቄ ከልጅነት እስከ ሞት ሲጠይቁ የኖሩ፣ በመጨረሻም አፍሪካ በሙሉ በአንድ ድምፅ እንዲጠይቀው ያደረጉ አንድ ኢትዮጵያዊ ነበሩ። እነሆ፣ የአቶ ይድነቃቸው ተሰማን የሕይወት ታሪክ ባጭሩ ለአንባቢያን እናቀርባለን። ዓመቶቹን በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንጽፋለን፤ የፈረንጆቹን ስንጠቅስ ለይተን እናመለክታለን።

አቶ ይድነቃቸው የተወለዱት መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን አገር ተልከው እዚያ ዘፈናቸውን በሸክላ ያስቀረጹ፣ በግጥማቸውና በጨዋታ ዐዋቂነታቸው ስማቸው የተጠራ ሰው ነበሩ። ልጅ ከአባቱ ምን እንደሚወርስ ለክቶ መናገር ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን አቶ ይድነቃቸው በኋላ ዘመን በየጉባኤው ቆመው ሲከራከሩ የአንደበታቸው ብርታት ከማን ቤት እንደ መጣ ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይሆንበትም ነበር።

ትምህርታቸውን በአዲስ አበባ በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተከታተሉ። እግር ኳስ በዚያን ጊዜ በዋና ከተማው የሚኖሩ የውጭ አገር ሰዎችና የጥቂት ተማሪዎች ጨዋታ ነበር። በታኅሣሥ ወር 1928 ዓ.ም. አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የተባሉ ወጣቶች በአራዳው ቅዱስ ጊዮርጊስ ስም አንድ ቡድን አቋቋሙ። ይድነቃቸውም ገና ጎረምሳ ሳሉ ከዚህ ቡድን ጋራ ተቀላቀሉ፤ ከዚያ በኋላ ሃያ ሦስት ዓመት ያህል ማልያውን አላወለቁም።

ይሁን እንጂ ቡድኑ ከተቋቋመ ጥቂት ወራት እንዳለፉ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ ገባ። ወራሪው የያዘው ምድሩን ብቻ አይደለም፤ የልጆችን ጨዋታ እንኳ ሳይቀር በቀለም ከፈለው። ነጭና ጥቁር በአንድ ሜዳ እንዳይጋጠሙ ተከለከለ፤ ለአገሬው ተወላጅ የተለየ የስፖርት ጽሕፈት ቤት ተቋቋመለት፤ ኢጣልያኖች ለብቻቸው፣ ኢትዮጵያውያን ለብቻቸው እንዲጫወቱ ሆነ። የቅዱስ ጊዮርጊስም ስም ተፍቆ ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር ተባለ። ሊቶሪዮ ፋሺስቶች ዓርማቸውን የሚጠሩበት ቃል ነው። እንግዲህ ይድነቃቸው ከዐሥራ አራት እስከ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ያለውን፣ የአንድ ተጫዋች እግር የሚፈታበትን ዕድሜ፣ በባዕድ ዓርማ ስም ሲጫወቱ አሳለፉ። እንዲያም ሆኖ ኳሱን አልተዉም። ከሥራ መልስ፣ በአቧራ ሜዳ፣ ያለ በቂ ጫማ፣ የተከለከሉት ግጥሚያ አንድ ቀን እንደሚመጣ እያሰቡ ይለማመዱ ነበር ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

ያ ቀን መጣ። በ1933 ዓ.ም. አገራችን ነፃ ስትወጣ ቡድኑ የቀድሞ ስሙን መልሶ ያዘ። በፈረንጆች 1944 ዓ.ም. በተደረገው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከኢጣልያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ ከአርመኖቹ አራራት፣ ከግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስና ከእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ጋራ ተሰለፈ። ዋንጫውን የወሰዱት እንግሊዞቹ ናቸው። ቢሆንም ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ከነጭ ጋራ እንዳይጋጠሙ የተከለከሉት ልጆች በአንድ ሜዳ፣ በአንድ ዳኛ፣ በአንድ ደንብ መጋጠማቸው ከዋንጫው የሚበልጥ ነገር ነበር። ዋንጫውም ቢሆን ሩቅ አልሆነም፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረንጆች 1950 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆነ።

አቶ ይድነቃቸው አጥቂ ነበሩ። ተመዝግቦ እንደሚነገረው ለቅዱስ ጊዮርጊስ 365 ጊዜ ተሰልፈው 318 ጎል አግብተዋል፤ ለብሔራዊ ቡድንም 15 ጊዜ ተጫውተዋል። እነዚህ ቁጥሮች ብቻቸውን የአንድን ሰው ስም ለማስጠራት ይበቁ ነበር። ነገር ግን እኒህ ሰው ኳስ በሚጫወቱበት ዕድሜ ሌላም ሥራ ይሠሩ ነበር። በፈረንጆች 1943 ዓ.ም. የአገሪቱ የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ ሆኑ። ቀን በጽሕፈት ቤት ደንብ ያረቃሉ፤ ደብዳቤ ይጽፋሉ፤ የግጥሚያ መርሐ ግብር ያወጣሉ፤ እሑድ ደግሞ ያንኑ ደንብ አክብረው ከሌላው ተጫዋች እኩል ዳኛ ፊት ይቆማሉ። ደንብ የሚያወጣ ሰው ራሱ ለደንቡ ሲገዛ ማየት በየትም አገር ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም አይደለም።

አሁን ከአገር ቤት ወደ ካርቱም እንሻገር። የካቲት 1 ቀን 1949 ዓ.ም. (በፈረንጆች የካቲት 8 ቀን 1957) የግብፅ፣ የሱዳን፣ የኢትዮጵያና የደቡብ አፍሪካ መልእክተኞች የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ለመመሥረት በዚያ ተሰበሰቡ። የኢትዮጵያ መልእክተኛ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። በዚያን ጊዜ ከአፍሪካ አብዛኛው ገና በቅኝ ግዛት ሥር ነበርና ሊሰበሰብ የሚችለው ነፃ አገር በጣት የሚቆጠር ነው። አራት አገሮች ሆነው ሳለ አንዱን ማስወጣት ማለት ከማኅበሩ ሩቡን መቍረጥ ማለት ነበር። ችግሩም የመጣው እዚያው ላይ ነው። ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ሕግዋ መሠረት ወይ ነጭ ብቻ፣ ወይ ጥቁር ብቻ የሆነ ቡድን እንደምትልክ አስታወቀች፤ የተቀላቀለ ቡድን ግን አትልክም።

እስቲ ሁላችንም ራሳችንን በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጠን እናስብ። ማኅበሩ ገና አንድ ቀን አልሞላውም። ውድድሩ በዚያው ሳምንት ሊጀመር ነው። ደቡብ አፍሪካ ገንዘብም፣ ሜዳም፣ ልምድም ያላት አገር ናት። ጥቁር ብቻ የሆነውን ቡድን ተቀብለን እንጀምር፣ ሌላውን ወደፊት እናስተካክለዋለን የሚል ሐሳብ ለብዙ ሰው ብልኅነት መስሎ ይታይ ነበር። ነገር ግን ሊቶሪዮ ተብሎ የተጫወተ ሰው ለጥቁር ብቻ ተብሎ የተለየ ቡድን ምን ማለት እንደ ሆነ ማንም እንዲያስረዳው አያስፈልገውም። የኢትዮጵያ፣ የሱዳንና የግብፅ መልእክተኞች ጸኑ፤ ደቡብ አፍሪካ ከውድድሩ ወጣች። በዕጣው መሠረት ከእርስዋ ጋራ መጋጠም የነበረባት ኢትዮጵያም ያለ ግጥሚያ ለፍጻሜ አለፈች። በፍጻሜው ግብፅ ኢትዮጵያን 4 ለ 0 አሸነፈች፤ አራቱንም ጎል ያገባው አድ ዲባ የተባለው ግብፃዊ ነበር። በሜዳው ሽንፈት ነው። ስለ ማኅበሩ ግን አንድ ነገር እንመስክር፤ የዓለም መንግሥታትና የስፖርት ማኅበራት አፓርታይድን ለማውገዝ ገና ሲያመነቱ፣ በሦስት አገር የቀረ አንድ ጨቅላ የአፍሪካ ማኅበር አድርጎት ተገኘ።

ከአምስት ዓመት በኋላ ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ ተደረገ። የኢትዮጵያ ቡድን አሠልጣኝ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። ቡድናቸው ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፎ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ከግብፅ ጋራ ለፍጻሜ ቀረበ። ግብፅ በዚያን ጊዜ የተባበረችው ዐረብ ሪፑብሊክ ትባል ነበር፤ ያለፉትን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደችውም እርስዋ ናት። ኢትዮጵያ ሁለት ጊዜ ተመራች። 1 ለ 0 ሲመሩ ተክሌ አቻ አደረገ፤ ጭብጨባው ሳያባራ ግብፆች ደገሙ፤ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ 2 ለ 2 አደረገ። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አንዳንድ ጎል አክለው ጨዋታው 4 ለ 2 አለቀ። ዋንጫውንም አምበሉ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ።

ስለዚህ አምበል አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንፈልግም። ሉቺያኖ ቫሳሎ በአሥመራ የተወለደ፣ አባቱ ኢጣልያዊ እናቱ ኤርትራዊት የሆነ ተጫዋች ነበር። በጎረምሳነታቸው ከኢጣልያኖች ጋራ በአንድ ሜዳ መቆም የተከለከሉት አሠልጣኝ፣ የኢጣልያዊ ልጅ በአምበልነት የሚመራውን ቡድን አሰልፈው ለኢትዮጵያ ብቸኛውን የአፍሪካ ዋንጫ አስገኙ። ቂም ለያዘ ሰው ይህ አይሆንለትም ነበር። አቶ ይድነቃቸው የተዋጉት መለየትን እንጂ ሰዎችን እንዳልነበረ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ነገር አናገኝም።

በጥር ወር 1956 ዓ.ም. ሌላ ክርክር ተነሣ። ፊፋ በፈረንጆች 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ለሚደረገው የዓለም ዋንጫ ዐሥራ ስድስቱን ቦታዎች ሲያከፋፍል ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሺኒያ በጠቅላላው አንድ ቦታ ሰጠ። ይኸውም አፍሪካ ራስዋን አሸንፋ የወጣች እንደ ሆነ ገና ከእስያው አሸናፊ ጋራ መጋጠም አለባት ማለት ነው። የጋናው የስፖርት ኃላፊ ኦሄኔ ጃንና አቶ ይድነቃቸው ይህን ተቃወሙ። ደብዳቤ ተጻፈ፤ መልሱ እንቢታ ሆነ። በዚህ ጊዜ የተመዘገቡት 15 የአፍሪካ ቡድኖች፣ ኢትዮጵያም ጭምር፣ በሙሉ ከውድድሩ ወጡ። ፊፋ የገንዘብ ቅጣት ጣለባቸው፤ እነርሱ ግን አልተመለሱም። ቦታውንም ሰሜን ኮሪያ ወሰደችው። በሚቀጥለው፣ በፈረንጆች 1970 ዓ.ም. በሜክሲኮ በተደረገው ውድድር፣ አፍሪካ የራስዋ የሆነ አንድ ቦታ አገኘች፤ ሞሮኮ ሄደች። በ1974 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1982) ቦታው ሁለት ሆኖ አልጄሪያና ካሜሩን ተካፈሉት። በፈረንጆች 2026 ዓ.ም. ለሚደረገው ውድድር ለአፍሪካ የተመደበው ቀጥተኛ ቦታ ዘጠኝ ነው። ዛሬ ቴሌቪዥን ከብበን የአፍሪካ ቡድን ሲጫወት ስናይ፣ ያ ቦታ በስጦታ የመጣ ሳይሆን በአንድ ወቅት ሳይጫወቱ በመቅረት የተገዛ መሆኑን ብናስታውስ መልካም ነው።

አቶ ይድነቃቸው በፈረንጆች 1971 ዓ.ም. የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል ሆኑ፤ በሚቀጥለውም ዓመት የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸው ዐሥራ አምስት ዓመት በዚሁ ሥልጣን ቆዩ። በዚህ ጊዜ ውስጥ በአገራቸው የዘውድ መንግሥት ወድቆ ደርግ መጣ፤ የእርሳቸው ክርክር ግን አልተለወጠም። ፊፋ ደቡብ አፍሪካን አንድ ጊዜ አግዶ፣ መልሶ ፈቅዶ፣ እንደገና በፈረንጆች 1964 ዓ.ም. አግዶ ነበር። አፍሪካውያን ግን የፈለጉት እገዳ ሳይሆን ቍርጥ ያለ ውሳኔ ነው። በሰኔ 1966 ዓ.ም. በፍራንክፈርት በተደረገው ጉባኤ እንግሊዛዊው ሰር ስታንሊ ራውስ ከፊፋ ፕሬዚዳንትነት ወርደው ብራዚላዊው ዣዎ ሃቨላንዥ ሲመረጡ የአፍሪካ ማኅበራት ድምፅ ትልቅ ድርሻ ነበረው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በሐምሌ 1968 ዓ.ም. በሞንትሪያል ጉባኤ፣ ደቡብ አፍሪካ ከፊፋ ተባረረች። በካርቱም በሦስት አገሮች የተወሰነው በዓለም ጉባኤ እስኪጸድቅ ድረስ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ፈጀ።

እስካሁን የጻፍነው ድሉን ነው። ነገር ግን የአንድን ሰው ሕይወት ስንጽፍ የተሸነፈበትንም ካልጻፍን ውዳሴ እንጂ ታሪክ አይሆንም። አቶ ይድነቃቸው የተሸነፉባቸው ሁለት ክርክሮች አሉ።

አንደኛው ስለ ተጫዋቾች ወደ ውጭ አገር መፍለስ ያደረጉት ክርክር ነው። ምርጥ ተጫዋቾቻችን ወደ አውሮፓ እየሄዱ ከቀሩ አፍሪካ ለሌሎች ጥሬ ዕቃ አቅራቢ ሆና ትቀራለች፣ ስለዚህ ልጆቻችንን እዚሁ ይዘን የራሳችንን ኳስ እናሳድግ የሚል ነበር ሐሳባቸው። በማልያ ላይ የሚለጠፍ የንግድ ማስታወቂያንም አጥብቀው ይቃወሙ ነበር። ዛሬ ማልያው በማስታወቂያ ተሞልቷል፤ ተጫዋቾቹም ሄደዋል። ከዚህም በላይ፣ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ከአፍሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ የደረሰችው ሞሮኮ በአውሮፓ ተወልደው ያደጉ ብዙ ልጆችን አሰልፋ ነው። እንግዲህ ተሳስተው ነበር እንበልን? እኛ በበኩላችን ግማሹን ተሳስተዋል፣ ግማሹን ግን ልክ ነበሩ ብለን እናምናለን። ሰውን በደንብ አጥሮ ማስቀረት አይቻልም፤ ደንብ የተጫዋቹን ቤተ ሰብ አይመግብምና። ነገር ግን የሄደው ልጅ ተመልሶ የሚጫወትበት ሜዳና የሚያሠለጥነው ታናሽ ከሌለ አገሩ የቀራት የእርሱ ስም ብቻ ነው የሚለው ስጋታቸው ዛሬም ዓይኑን አፍጥጦ ያየናል። ይህም ነገር ኳስ ተጫዋችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ከዚህ ግቢ ዲግሪውን ይዞ ለመውጣት ቀን የሚቆጥር ሁሉ በልቡ የሚያውቀው ክርክር ነው።

ሁለተኛው ሽንፈት በገዛ ቤታቸው የደረሰው ነው። አፍሪካን በሙሉ ያደራጁት ሰው አገር እንደ 1954ቱ ያለ ዋንጫ ዳግመኛ አላየችም። በ1960ና በ1968 ዓ.ም. ውድድሩን እንደገና ብታስተናግድም ዋንጫው ለሌላ ሄደ። ከ1974 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ ለአፍሪካ ዋንጫ ለማለፍ እስከ 2005 ዓ.ም. ድረስ ሠላሳ አንድ ዓመት ጠበቀች። አንድ ሰው ምንም ቢተጋ ከእርሱ በኋላ የሚረከብ ትጉህ ካላገኘ ሥራው በሌላ አገር ሲያፈራ በገዛ አገሩ እንደሚደርቅ ከዚህ እንማራለን። ጥፋቱን በእርሳቸው ላይ የሚጥል ሰው ቢኖር፣ እርሳቸው ከሞቱ ወዲህ ስንት ዓመት እንዳለፈ ይቍጠር።

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዐረፉ፤ ዕድሜያቸው ስድሳ ስድስት ሊሞላ ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። ካሜሩን በፈረንጆች 1990 ዓ.ም. ለዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ስትደርስ አላዩም። አፓርታይድ ሲፈርስም አላዩም። በጥር 1988 ዓ.ም. ደግሞ በጆሃንስበርግ የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ተደርጎ ደቡብ አፍሪካ ቱኒዚያን 2 ለ 0 አሸነፈች። አምበሉ ኒል ቶቪ ነጭ ነበር፤ አብረውት የተጫወቱት አብዛኞቹ ጥቁሮች ነበሩ፤ ፕሬዚዳንት ኔልሰን ማንዴላም በሜዳው ተገኝተው ነበር። ይኸውም ከሠላሳ ዘጠኝ ዓመት በፊት በካርቱም ላኩልን ተብለው እንቢ ያሉት፣ ያው የተቀላቀለ ቡድን ነው።

ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ ለእኛ ለተማሪዎች የሚተርፈው ምንድን ነው? በየዩኒቨርሲቲያችን የእግር ኳስ ግጥሚያ ያለ ዕለት ሜዳው ዙሪያ መቆሚያ ይጠፋል፤ የስፖርት ክበቡ ደንብ ለማሻሻል ጠቅላላ ስብሰባ ሲጠራ ግን ከወንበሩ የሚበልጠው ባዶ ነው። ከዚያ በኋላ ቡድኑ በዝምድና ተመረጠ፣ ዳኛው አዳላ፣ ሴቶች ተማሪዎች ሜዳ ተነፈጉ ብለን በየመኝታ ክፍላችን እናጉረመርማለን። አቶ ይድነቃቸው 318 ጎል ያገቡት ሜዳ ላይ ነው፤ አፍሪካን ያስከበሩት ግን በዚያ ባዶ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ደንቡን በአንቀጽ በአንቀጽ እያነበቡ፣ እንቢ ማለት በሚገባበት ቦታ እንቢ ብለው ነው። የሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ማስታወቂያ በሰሌዳው ላይ ሲለጠፍ ቀኑንና ሰዓቱን በደብተራችን እንጻፍ።